ቤሲ ኮልማንን የገደላት ድፍረቷ አልነበረም

የቆዳ ኮፍያ ያጠለቀች፣ መነፅሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች የአንዲት ጥቁር ሴት ፎቶ ፌስቡክ ላይ ሲዞር ሳታዩ አትቀሩም። ቤሲ ኮልማን ትባላለች። የአብራሪነት ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሴት ናት። ከፎቶው ስር የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ደፋር ነበረች፣ ሰማይ ላይ አክሮባት ትሰራ ነበር፣ በመጨረሻ ከአውሮፕላን ወድቃ ሞተች።

ይህን ያነበበ ሰው ሰማይ ላይ ስትገለባበጥ የሞተች ይመስለዋል። ግን አይደለም! ቤሲ የሞተችበት በረራ ትርኢት አልነበረም። ተመልካች አልተሰበሰበም፣ አውሮፕላኑንም የምታበርረው እሷ አልነበረችም። ለማግስቱ ዝግጅት ቦታውን ከላይ አይታ ለመምረጥ በጠዋት የተነሳችበት ተራ በረራ ነበር። ለሞት ያበቋት ነገሮች ደግሞ በጣም ትንንሽ ናቸው፤ አንድ የብሎን መፍቻና አንድ ያልታሰረ ቀበቶ።

ታሪኳን ከስር ከመሰረቱ እንይ። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጥጥ ለቃሚዋ ልጅ

ቤሲ ጃንዋሪ 26 ቀን 1892 በቴክሳስ ግዛት አትላንታ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። ብዙዎቻችን የምናውቃት የጆርጂያዋ አትላንታ አይደለችም። ከ13 ልጆች 10ኛዋ ናት። ያደገችው ግን እዚያው ቴክሳስ ውስጥ ዋክሳሃቺ በምትባል የጥጥ አገር ነው።

አባቷ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዘር ነበረበት። የቴክሳስ የዘር መድልዎ ሲመርረው በ1901 ወደ ኦክላሆማ ሄደ። እናቷ አብራው አልሄደችም፤ ልጆቿን ይዛ እዚያው ቀረች። በሰው ቤት እየሰራች አሳደገቻቸው። ጥጥ በሚደርስበት ወቅት ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ ትልቅ ትንሹ ማሳ ላይ ይወርዳል። ቤሲ በሒሳብ ጎበዝ ስለነበረች የቤተሰቡን ሒሳብ የምትይዘው እሷ ነበረች።

ልብስ እያጠበች ያጠራቀመችውን ገንዘብ ይዛ በ1910 ኦክላሆማ ውስጥ ለጥቁሮች የተከፈተ ኮሌጅ ገባች። ገንዘቡ ግን ከአንድ ተርም አላለፈም። በቃ፣ ወደ ልብስ አጠባዋ ተመለሰች።

በ1915 በ23 ዓመቷ ወንድሞቿ ወዳሉበት ቺካጎ ሄደች። የወንዶች ፀጉር ቤት ውስጥ ጥፍር ሰሪ ሆነች። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ ከፈረንሳይ የተመለሱ ወታደሮች ፀጉር ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብለው ስለ አውሮፕላን ያወራሉ። ከእነሱ አንዱ ወንድሟ ጆን ነው። የፈረንሳይ ሴቶች አውሮፕላን ያበርራሉ፣ እናንተ ግን አትችሉም እያለ ያበሽቃታል። እሷም ነገሩን እንደ ቀልድ አልተወችውም።

አገሯ ላይ የተዘጋ በር

ቤሲ የአሜሪካ የበረራ ትምህርት ቤቶችን ጠየቀች። የሚቀበላት ጠፋ። ጥቁር ናት፣ ያውም ሴት። የቺካጎ ዲፌንደር ጋዜጣ ባለቤት የነበረው ሮበርት አቦት አንድ መላ ሰጣት፤ ፈረንሳይኛ ተማሪና ወደ ፈረንሳይ ሂጂ አላት። ጥፍር ከመስራቱ በተጨማሪ በአንድ ምግብ ቤት ኃላፊ ሆና እየሰራች ገንዘብ አጠራቀመች፤ ቋንቋውንም ተማረች። ኖቬምበር 1920 ከኒውዮርክ መርከብ ተሳፈረች።

የተማረችው በሰሜን ፈረንሳይ ለ ክሮቷ በሚገኘው የኮድሮን ወንድማማቾች ትምህርት ቤት ነው። የሚማሩበት ኒዩፖርት የሚባል ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን ነው። ከእንጨትና ከጨርቅ የተሰራ፣ በሽቦ የተወጠረ፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 12 ሜትር ገደማ። መሪው እንደ ዱላ የወፈረ እንጨት ነው። ከመነሳታቸው በፊት ተማሪዎቹ ክንፉን፣ ሽቦዎቹን፣ የመሪ ገመዶቹንና ፕሮፔለሩን አንድ በአንድ መፈተሽ ነበረባቸው። የዚህ ጥንቃቄ ትርጉም ግልጽ ነበር። ቤሲ እዚያው እየተማረች አብሯት የሚማር ልጅ አውሮፕላኑ ተከስክሶ ሲሞት አይታለች።

ጁን 15 ቀን 1921 የዓለም አቀፉን የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን የአብራሪነት ፈቃድ ተቀበለች። ከ10 ዓመት በፊት ኮሌጅ መቆየት ያልቻለችው ልጅ በሰባት ወር ገደማ አብራሪ ሆነች።

አክሮባት ማለት ምን ማለት ነው?

ሴፕቴምበር 1921 አሜሪካ ስትመለስ ጋዜጠኞች ተሻሙባት። ዝና ግን እንጀራ አይሆንም። በዚያ ዘመን የመንገደኞች አየር መንገድ የሚባል ነገር ገና በቅጡ አልነበረም፤ አንድ ሲቪል አብራሪ ገንዘብ የሚያገኝበት ዋነኛ መንገድ ከከተማ ከተማ እየዞረ ትርኢት ማሳየት ነበር። ለዚህ ደግሞ ተጨማሪ ስልጠና ያስፈልጋል። አሁንም የሚያሰለጥናት ስላላገኘች በ1922 መጀመሪያ እንደገና ወደ አውሮፓ ሄዳ ተምራ መጣች። ሴፕቴምበር 3 ቀን 1922 ኒውዮርክ አጠገብ ሎንግ አይላንድ ላይ በአሜሪካ የመጀመሪያ ትርኢቷን አሳየች።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የሥራዋን ባህርይ እንይ። አውሮፕላን ቁልቁል ተወርውሮ ቀና ሲል ወይም ክብ ሰርቶ ሲገለበጥ በውስጡ ያለው ነገር ሁሉ ክብደቱ የሚበዛ ያህል ይሆናል። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት በ4 እጥፍ ጫና ውስጥ ስትገባ ወንበሯ የሚሸከመው 240 ኪሎ ነው። ክንፉም በዚያው ልክ የአውሮፕላኑን ክብደት 4 ጊዜ ይሸከማል። ዛሬ ለአክሮባት ተብለው የሚመዘገቡ አውሮፕላኖች ቢያንስ 6 እጥፍ ጫና እንዲችሉ ተደርገው ነው የሚሰሩት። የቤሲ ዘመን አውሮፕላኖች ግን በዚህ መለኪያ የተሰሩ አልነበሩም።

ሁለተኛው ነገር ከፍታ ነው። አንድ ነገር ሲበላሽ አብራሪው ማስተካከያ ጊዜ የሚያገኘው ከስሩ ካለው ባዶ አየር ነው። ለዚህ ነው ዛሬ የአሜሪካ ሕግ ያለ ልዩ ፈቃድ ከመሬት ከ450 ሜትር ገደማ በታች አክሮባት መስራት የሚከለክለው። ተሳፋሪ ካለ ደግሞ ሁሉም ፓራሹት መልበስ አለባቸው። በ1920ዎቹ ይህ ሁሉ የለም። ሕዝቡ በቅርብ ማየት ይፈልጋል፣ አብራሪውም ዝቅ ይላል።

አሮጌ አውሮፕላን፣ የተሰበረ እግር

ቤሲ የራሷ አውሮፕላን አልነበራትም። ከጦርነቱ የተረፉ ጄኒ የሚባሉ የማሰልጠኛ አውሮፕላኖች በርካሽ ይሸጡ ስለነበር በካሊፎርኒያ አንዱን ገዛች። 1923 መጀመሪያ ላይ ለትርኢት ከሳንታ ሞኒካ ስትነሳ ሞተሩ ጠፋና ተከሰከሰች። እግሯና የጎድን አጥንቶቿ ተሰበሩ። አውሮፕላኑም አለቀለት። ከተኛችበት ሆስፒታል ሆና መራመድ እንደቻለች ተመልሳ እንደምትበርር መልእክት ላከች።

እስቲ አስቡት። በዚያ ጊዜ ሀብታምና ነጭ የሆነ አብራሪ አውሮፕላኑ ቢሰበር ስፖንሰር ያገኛል፣ ከኩባንያ አዲስ ይገዛል። እሷ ግን ሌላ አውሮፕላን በራሷ ስም እስክትይዝ ድረስ ዓመታት ፈጀባት። እስከዚያው በሰው አውሮፕላን ነው ያሳየችው። በ1925 በቴክሳስ ከተሞች እየዞረች በረረች። ባደገችባት ዋክሳሃቺ አዘጋጆቹ ለነጭና ለጥቁር ሁለት በር ሊያደርጉ ሲሉ አንድ በር ካልሆነ አልበርርም ብላ አሻፈረኝ አለች። ተሳካላትም፣ ሁሉም በአንድ በር ገባ። ፊልም ልትሰራ ተስማምታም ነበር። መጀመሪያው ትዕይንት ላይ ቡትቶ ለብሳ እንድትታይ ሲጠይቋት ግን ትታው ወጣች። ገንዘቡ ያስፈልጋት ነበር፣ ጥቁሮችን እንደዚያ አድርጎ ማሳየትን ግን አልተቀበለችም።

ሕልሟ አንድ ነበር። ጥቁሮች የሚማሩበት የበረራ ትምህርት ቤት መክፈት። በየአብያተ ክርስቲያናቱና በየአዳራሹ እየዞረች የምትናገረው፣ ፍሎሪዳ ውስጥ የሴቶች የውበት ሳሎን እስከ መክፈት የደረሰችው ለዚሁ ነው።

ኤፕሪል 30 ቀን 1926

በመጨረሻ ዳላስ ውስጥ አንድ ሌላ አሮጌ ጄኒ ገዛች። ፍሎሪዳ ጃክሰንቪል ሜይ 1 ቀን ለሚደረግ ትርኢት አውሮፕላኑን ከዳላስ ይዞ የመጣው ዊሊያም ዊልስ የሚባል የ24 ዓመት መካኒክና አብራሪ ነው። ሞተሩ እያስቸገረው መንገድ ላይ ደጋግሞ ሳይፈልግ ለማረፍ ተገደደ። ያ ብቻውን ማስጠንቀቂያ ነበር። ግን ትርኢቱ ነገ ነው።

በዋዜማው ጠዋት ሁለቱ አብረው ተነሱ። መሪውን የያዘው ዊልስ ነው። ቤሲ በማግስቱ በፓራሹት ልትዘል አስባ ስለነበር መሬቱን ማየት ፈለገች። ቀበቶ ከታሰረች አሻግራ ቁልቁል ማየት አትችልም። ስለዚህ አላሰረችም።

ከተነሱ ከ10 ደቂቃ ገደማ በኋላ አውሮፕላኑ በድንገት ፍጥነት ጨምሮ ቁልቁል ተወረወረ፣ መሽከርከርም ጀመረ። ቤሲ ከመቀመጫዋ ተወርውራ ወደቀች። ወዲያው ሞተች። ዊልስም አውሮፕላኑን መመለስ ስላልቻለ ተከስክሶ ሞተ። ስብርባሪው ሲመረመር ሞተር ለመጠገን ያገለገለ መፍቻ ወደ መሪው አሠራር ገብቶ ተሰንቅሮ ተገኘ። ቤሲ 34 ዓመቷ ነበር።

ቺካጎ ላይ ቀብሯን ለመሸኘት በሺዎች የሚቆጠር ሰው ወጣ። ሥነ ሥርዓቱን የመራችው ታዋቂዋ የመብት ታጋይ አይዳ ቢ ዌልስ ናት።

ሦስቱ ትንንሽ ነገሮች

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። መፍቻው መኪና ውስጥ ቢረሳ ምን ይሆናል? ምንጣፉ ላይ ይንኳኳል፣ በቃ። አውሮፕላን ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነው። በእነዚያ አውሮፕላኖች ከአብራሪው መሪ እስከ ጭራው የሚሄዱት ገመዶች በሆዱ ውስጥ ነው የሚያልፉት። አውሮፕላኑ ሲያዘነብል ያልታሰረ ዕቃ ሁሉ ይንሸራተታል። ከገመድ ወይም ከማጠፊያ ጋር ከተጋጠመ መሪው ይደርቃል። አብራሪው የፈለገውን ያህል ጎበዝ ቢሆን የማይንቀሳቀስ መሪ ምንም አያደርግለትም። ዛሬ አክሮባት የሚሰሩ ሰዎች ከመነሳታቸው በፊት ከኪሳቸው ሳንቲም፣ እስክሪብቶና ስልክ አውጥተው የሚሄዱት፣ የወንበራቸውን ስርም የሚፈትሹት ለዚህ ነው።

ቀበቶው ሁለተኛው ነው። አውሮፕላን ቁልቁል ሲወረወር ሰውዬው ወደ ላይ የተነሳ ያህል ይሆናል። ክፍት መቀመጫ ላይ ደግሞ የሚያስቀርህ ጣሪያ የለም። የዚህ ዘመን የአክሮባት አብራሪዎች ወገብን፣ ትከሻንና ጭንን የሚይዝ ባለ ብዙ ማሰሪያ ቀበቶ ያስራሉ።

ሦስተኛው አውሮፕላኑ ራሱ ነው። ይህን አውሮፕላን መርምሮ መብረር ይችላል አይችልም የሚል ማንም የመንግሥት ሰው አልነበረም። የአሜሪካ ምክር ቤት አብራሪዎችና አውሮፕላኖች ተመርምረው ፈቃድ እንዲያገኙ የሚያስገድደውን የአየር ንግድ ሕግ ያወጣው ሜይ 20 ቀን 1926 ነው። ቤሲ ከሞተች ልክ ከ20 ቀን በኋላ!

ከቤሲ እስከ አዲስ አበባ

ታሪኩ በዚህ አላለቀም። ቤሲ ትምህርት ቤቷን ሳትከፍት ብትሞትም ስሟ ቺካጎ ውስጥ ሥራ መስራት ቀጠለ። ኮርኔሊየስ ኮፊ እና ጆን ሮቢንሰን የሚባሉ ሁለት ጥቁር የመኪና መካኒኮች መብረር ቢፈልጉም እንደ እሷው የሚያስተምራቸው አጡ። ምን አደረጉ? በኪት የሚሸጥ ሂዝ ፓራሶል የሚባል ትንሽ አውሮፕላን ገዝተው ራሳቸው ገጣጠሙት፣ የሞተርሳይክል ሞተርም አደረጉለት። ኋላ ላይ ከርቲስ ራይት ትምህርት ቤት ገብተው ተመረቁ፣ የጥቁር አብራሪዎች ማኅበርም መሰረቱ። ማኅበሩ ከ1931 ጀምሮ በየዓመቱ በቤሲ መቃብር ላይ እየበረረ አበባ ይጥል ነበር።

ይህ ጆን ሮቢንሰን ማን እንደሆነ አወቃችሁ? አዎ፣ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ናቸው። በ1935 ኢትዮጵያ መጥተው በጣሊያን ወረራ ጊዜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን አየር ኃይል የመሩት። በ1944 ተመልሰው የእኛን ወጣቶች አስተምረዋል። በ1954 በአውሮፕላን አደጋ አርፈው እዚሁ አዲስ አበባ ተቀብረዋል። የቤሲ ሕልም በዚህ መንገድ እኛ ጋርም ደርሷል ማለት ነው።

በራስ እጅ አውሮፕላን መስራት ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ትልቁ ክብደትና ሚዛን ነው። ከኋላ ብዙ የጫነ ባጃጅ ዳገት ሲወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የፊት ጎማው ቀለል ይላል፣ ሾፌሩ መሪ ቢያዞር አይታዘዝለትም። አውሮፕላንም እንደዚያው ነው። አጠቃላይ ክብደቱ ትክክል ሆኖ የክብደቱ መሀል ወደ ጭራ ከሸሸ አፍንጫው ወደ ላይ ይነሳል፣ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ክንፉ መሸከም ያቆማል። መሽከርከር ከጀመረ ደግሞ ላይመለስ ይችላል። አክሮባት የሚሰራ ሰው ሆን ብሎ የሚያሽከረክረው ስለሆነ ይህ ለእሱ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ክብደትን ከመነሻ ነጥብ ባለው ርቀት ማባዛት ነው። 10 ኪሎ ዕቃ ከሚዛኑ ነጥብ 1 ሜትር ወደኋላ ሲቀመጥ አንድ ጉልበት አለው፤ ያው 10 ኪሎ 3 ሜትር ወደ ጭራ ቢገፋ ጉልበቱ 3 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የሰሩት ሰዎች አውሮፕላኑን በየጎማው ስር ሚዛን አድርገው ይመዝኑታል፣ ነዳጁንና አብራሪውን ይጨምሩበታል፣ መሀሉ ከተፈቀደው ክልል እንዳይወጣ ያሰላሉ። እንደ ፓራሶሉ ባለ ትንሽ አውሮፕላን አብራሪው ራሱ ትልቅ ጭነት ነው። ሞተር ሲቀየር ወይም ባትሪ ቦታ ሲቀይር ሒሳቡ እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ቤት የተሰራ አውሮፕላን አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 40 ሰዓት ሰው ሳይጭን ተፈትኖ ነው ተሳፋሪ እንዲይዝ የሚፈቀድለት።

ለምን እንጽፈዋለን?

በአገራችንም ከጋራዥ ዕቃና ከቆርቆሮ አውሮፕላን ለመስራት የሚሞክሩ ወጣቶች አሉ። ቪዲዮአቸው ሲለቀቅ ከስር ጀግና ነህ፣ አይዞህ፣ ተነሳ ብቻ የሚል ኮሜንት ይሞላል። ሞራል መስጠት ጥሩ ነው። ግን ስንቶቻችን ነን ተመዝኗል ወይ? መሪው በነፃነት ይንቀሳቀሳል ወይ? ቀበቶ አለው ወይ? ብለን የምንጠይቀው?

ቤሲ ድፍረት አላነሳትም። ፈረንሳይ ውስጥ ፍተሻ ተምራለች፣ በሒሳብም ጎበዝ ነበረች። ያነሳት ጥሩ አውሮፕላን የሚገዛ ገንዘብ፣ በደንብ የሚጠገንበት ጊዜና የሚቆጣጠር ሕግ ነው። ሦስቱንም የነፈጋት ያው በሩን የዘጋባት አገር ነው። በዚያ ላይ ትርኢቱ ነገ ስለሆነ የተቻኮለ አንድ ጠዋት ተጨመረበት።

በ1992 ጠፈር የሄደችው የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሴት ሜይ ጄሚሰን የቤሲን ፎቶ ይዛ ነበር የተነሳችው። አሜሪካ በ1995 በቴምብር፣ በ2023 ደግሞ በሳንቲም ላይ መልኳን አወጣች። ይገባታል። የሚቀጥለው ፎቶዋን ስታዩ ግን ኮፍያዋንና መነፅሯን ብቻ ሳይሆን ያን መፍቻም አስታውሱ። አንድ ነገር የሚሰራ፣ የሚገጣጥም ወይም የሚበርር ጓደኛ ካላችሁ ይህን ላኩለት።